ዳግማዊ አባ ጅፋር

ሞቲ ዳግማዊ አባ ጅፋር (1861 ገደማ – 1932 እ.ኤ.አ.) ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የጅማ ንጉሥ የነበሩ ሲሆን፣ የሞቲ አባ ጎሞልና የገኔ ጉሚቲ ልጅ ናቸው። በ17 ዓመታቸው ነግሠው 54 ዓመት በዙፋን ቆይተዋል። በእነዚህ ዓመታት ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ፣ ልጅ ኢያሱ፣ ንግሥት ዘውዲቱና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኢትዮጵያ ተፈራርቀው ገዝተዋል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አራቱ የጊቤ ኦሮሞ መንግሥታት፣ ማለትም ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ፣ የራሳቸውን አገዛዝ ሲያጡ ጅማ ግን ግብር እየከፈለች የውስጥ አስተዳደሯን ይዛ የቆየችው በአባ ጅፋር ዘመን ነው። ይህ ነፃነት በምን ዋጋ እንደተገኘ እስከ ዛሬ ያነጋግራል።

በዚህ መጣጥፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብለው ካልተጻፉ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስም

አባ ጅፋር የፈረስ ስም ነው። በኦሮሞ ባላባቶች ዘንድ ጦረኛ ወይም ገዢ በፈረሱ ስም መጠራቱ የተለመደ ነበር፤ አባ የሚለው ቃል እዚህ ላይ ባለቤት ማለት ነው። ልማዱ በሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል ይታወቃል። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ይባሉ ነበር። በጅማ ግን የፈረስ ስሙ የመጠሪያ ስምን ተክቶ የንግሥና ስም እስከ መሆን ደርሷል። ሞቲ በኦሮምኛ ንጉሥ ማለት ሲሆን፣ ገኔ የነገሥታት ሚስቶችና እናቶች የክብር መጠሪያ ነው።

ዳግማዊ የተባሉት ከ1830 እስከ 1855 ከነገሡት ከቀዳማዊ አባ ጅፋር (በትውልድ ስማቸው ሳና) ለመለየት ነው። ቀድሞ ጅማ ካካ ይባል የነበረው አገር በቀዳማዊው ንጉሥ ምክንያት ጅማ አባ ጅፋር ተብሎ መጠራት ጀመረ። የጅማ ስም ግን በዚህ አካባቢ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ጅማ ሆሮ፣ ጅማ ራሬ፣ ጅማ ገነቴ፣ ጅማ አርጆ የሚባሉ ወረዳዎች አሉ። ይህም አንድ የጎሳ ስም በፍልሰት ዘመን ከሕዝቡ ጋር ወደተለያየ አገር መሄዱን ያሳያል።

የጅማ ኦሮሞዎች አመጣጥ

አባ ጅፋር የገዙት ሕዝብ ከሁለቱ ታላላቅ የኦሮሞ ቅርንጫፎች ከቦረና ወገን የሚቆጠረው የሜጫ ኦሮሞ ክፍል ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን የኦሮሞ ሕዝብ ከደቡብ፣ ከመደ ወላቡ አካባቢ፣ ተነሥቶ በየአቅጣጫው ሲስፋፋ ሜጫና ቱለማ አብረው ወደ መካከለኛው ደጋ ወጡ። በዛሬው ዱከም አጠገብ የሚገኘው ኦዳ ነቤ የጋራ ጉባኤያቸው ቦታ ነበር። በኋላ ሜጫ ከቱለማ ተለይቶ ወደ ምዕራብ በማምራት ኦዳ ቢሲል ላይ የራሱን የገዳ ማዕከል አቋቋመ። ከዚያም አፍሬ (አራቱ) እና ሰዳቻ (ሦስቱ) በሚባሉ ሁለት ክፍሎች ተደራጅቶ የጊቤን ወንዝ እየተሻገረ ወደ ደቡብ ምዕራብ ዘለቀ። የዚህ እንቅስቃሴ ዋነኛ የጽሑፍ ምስክር አባ ባሕርይ የተባሉት መነኩሴ በ1593 ገደማ በግዕዝ የጻፉት ስለ ኦሮሞ ታሪክ የሚናገር አጭር መጽሐፍ ነው።

ሜጫዎች ሲደርሱ አገሩ ባዶ አልነበረም። ከጊቤ ማዶ በወርቋ የታወቀችውና ለክርስቲያን ነገሥታት ትገብር የነበረችው የእናርያ መንግሥት ነበረች። ከእርሷ ሌላ ቦሻ (ጋሮ)፣ የም እና ከፋ የየራሳቸው ነገሥታት ነበሯቸው። እናርያ ከመቶ ዓመት በላይ ከተከላከለች በኋላ በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ በሊሙ ኦሮሞዎች እጅ ወደቀች። በዛሬው ጅማ አካባቢ ይኖሩ የነበሩ የከፋ ወገኖችም ከጎጀብ ወንዝ ማዶ ተገፉ።

የጅማ ሽማግሌዎች ይህን ታሪክ የሚናገሩት በሌላ መልክ ነው። በአፈ ታሪኩ መሠረት ጎሳዎቹን እየመራች ወደ ጅማ ያስገባቻቸው ማኮሬ የተባለች ታላቅ ባለ ምትሃት ሴት ናት። በእጇ ቦኩ፣ ማለትም የገዳ ሥልጣን ምልክት የሆነው በትር ነበር። ቦኩውን መሬት ላይ ስታኖረው ምድር ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ይርዳል፤ በዚህም ኃይል የቀድሞውን ነዋሪ ጎጀብን አሻገረች። ዘመን ሲቆይ ግን የገዛ ሕዝቧ አገዛዟን ጠላ፤ በዘዴም ቦኩውን ወሰዱባትና ኃይሏ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጎሳ በገዳ ሥርዓት ራሱን በራሱ ያስተዳድር ጀመር። አፈ ታሪኩ የሰፈራውን ትዝታ በቀጥታ ከሥልጣን ጥያቄ ጋር ያያይዘዋል፤ ቦኩ በአንድ ሰው እጅ ሲቆይ ሕዝቡ እንደሚነሣ ያስታውሳል።

የጅማ ሕዝብ በደም ብቻ የተገናኘ አልነበረም። ኦሮሞዎች ያሸነፉትን ወይም ከእነርሱ ጋር የተጠጋውን ሕዝብ ሞጋሳ በሚባል ሥርዓት ወደ ጎሳቸው ያስገቡ ነበር። ልጅን በተናጠል የማሳደጊያው ሥርዓት ጉዲፈቻ ዛሬ በአማርኛም የሕግ ቃል ሆኗል። በዚህ መንገድ የቀድሞ ነዋሪዎች ዘሮች ኦሮምኛ ተናጋሪ ሆነው በጎሳ ስም ተጠሩ፤ የመነሻቸው ትዝታ ግን በየቤተሰቡ የዘር ቆጠራ ውስጥ ቀርቷል። በ1958 ገደማ ወደ ጅማ መጥቶ ጥናት ያደረገው አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ኸርበርት ሉዊስም ይህን የማቀፍ ልማድ የጅማ ኅብረተሰብ ዋና ባሕርይ አድርጎ ገልጾታል።

ከገዳ ወደ ንግሥና

በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ የዕድሜ ክፍል ወደ ሌላው ይተላለፋል። የጦር መሪው አባ ዱላም ጊዜው ሲያበቃ መውረድ ነበረበት። በጊቤ አገር ግን ሦስት ነገሮች ይህን ልማድ አዳከሙት። ሕዝቡ ከከብት እርባታ ይልቅ ወደ እርሻ አዘነበለ። በጎሳዎች መካከል የማያባራ ጦርነት ተነሣ። ከጎጃምና ከሸዋ የሚመጣው የቅፍለት ንግድም በገበያና በመንገድ ላይ የሚሰበሰብ ሀብት አመጣ። አባ ዱላዎች ምርኮውንና ቀረጡን ይዘው ከሥልጣን አንወርድም አሉ፤ በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ19ኛው መጀመሪያ ላይም አምስት መንግሥታት ተፈጠሩ።

በጅማ ቀደም ሲል የበላይ የነበሩት የሰቃ ባዲዎች ነበሩ። በ1800 ገደማ የመና ዲጎዎች በአባ መጋል መሪነት ተነሥተው በስተምዕራብ ያሉትን ላሎዎች ድል አደረጉና ሄርማታ የተባለውን የገበያ ቦታ ያዙ። የአባ መጋል ልጅ ቀዳማዊ አባ ጅፋር የቀሩትን ጎሳዎች አስገብረው ከሄርማታ ወደ ሸዋና ወደ ጎጃም የሚወስደውን የንግድ መንገድ ተቆጣጠሩ። በጅሬን ኮረብታ ላይ ዋና ከተማ አቆሙ፤ አዲስ በተያዘው አገር ሰፊ መሬት ለራሳቸው ከልለው ለቤተሰባቸውና ለታማኞቻቸው አከፋፈሉ፤ እስልምናንም ተቀበሉ።

ከእርሳቸው በኋላ ልጃቸው አባ ረቡ (1855–1859)፣ ቀጥሎ ወንድማቸው አባ ቦካ (1859–1862)፣ ከዚያም የአባ ቦካ ልጅ አባ ጎሞል (1862–1878) ነገሡ። አባ ጎሞል የጥንቱን የጋሮ መንግሥት ወግተው ወደ ጅማ ቀላቀሉ። ከጅማ ባለጠጎችን ወደ ጋሮ አስፍረው፣ የጋሮን ታላላቅ ሰዎች ደግሞ ወደ ጅሬን አምጥተው በማኖር ሁለቱን አገሮች አዋሐዱ። ስለዚህ ዳግማዊ አባ ጅፋር የተረከቡት ወሰኑ የተረጋጋ፣ ገበያው የበለጸገና ከጎረቤቶቹ ሁሉ የበረታ መንግሥት ነበር።

የወጣቱ ንጉሥና የእናታቸው ዘመን

አባ ጎሞል በ1878 ሲሞቱ ልጃቸው የ17 ዓመት ወጣት ስለነበሩ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እናታቸው ገኔ ጉሚቲ በመንግሥቱ ላይ ከፍተኛ ተሰሚነት ነበራቸው። ጉሚቲ የሚለው ስም ከጉማ የመጡ መሆናቸውን ያመለክታል። በጊቤ አገር ነገሥታት በጋብቻ ይተሳሰሩ ነበርና ከሌላ አገር የመጣች እመቤት በመጣችበት አገር ስም ትጠራ ነበር። የአባ ጅፋር ሚስት ሊሚቲም የሊሙ እናርያ ንጉሥ ልጅ ነበሩ፤ ሌላዋ ሚስታቸው ደግሞ ከከፋ ንጉሥ ቤት የመጡ ናቸው። እነዚህ ጋብቻዎች ጅማን ከዙሪያዋ መንግሥታት ጋር በዝምድና አስተሳስረዋት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን እነዚያው ዘመድ መንግሥታት አንድ በአንድ ሲወድቁ አባ ጅፋር ከማን ጋር እንደሚቆሙ መምረጥ ግድ ሆነባቸው።

ለምኒልክ መገበር

አባ ጅፋር በነገሡበት ጊዜ የጊቤ አገር በሁለት ኃይሎች መካከል ነበር። በ1881 ተክለ ሃይማኖት የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብለው በዓፄ ዮሐንስ እጅ ዘውድ ጫኑ፤ የጦር አለቃቸው ራስ ደረሶም ከዓባይ ማዶ ወርደው ግብር ይሰበስቡ ነበር። በሌላ በኩል የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በራስ ጎበና ዳጨ አማካይነት ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ይስፋፉ ነበር። ሁለቱም የሚፈልጉት የጊቤን ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ወርቅ ነበር። ሰኔ 6 ቀን 1882 በሆሮ ጉዱሩ እምባቦ ላይ በተደረገው ጦርነት ተክለ ሃይማኖት ተሸንፈው ተማረኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከዓባይ በታች ያለው ምዕራብ አገር ለሸዋ ተከፈተ።

ከዚህ በኋላ ለእያንዳንዱ የጊቤ ንጉሥ የቀረበው ምርጫ ጠባብ ነበር። የጉማ ሰዎች በጦር ለመከላከል ቆረጡ፤ አገራቸው ተያዘ፣ ከዚያም በኋላ አመፁ ለዓመታት ቀጠለ። ጎማ፣ ጌራና ሊሙም በተከታታይ ዓመታት በሸዋ ሹማምንት ሥር ወደቁ። አባ ጅፋር ግን በ1884 ያለ ጦርነት ለምኒልክ ገበሩ። የጅማ የቃል ታሪክ ይህን ምክር የገኔ ጉሚቲ ያደርገዋል፤ ሴትዮዋ የሸዋን ጠመንጃ ብዛት አመዛዝነው ልጃቸው እንዳይዋጋ እንደመከሩ ይነገራል።

ስምምነቱ ቀላል ነበር፤ ውጤቱ ግን ትልቅ። አባ ጅፋር በየዓመቱ ግብር ይከፍላሉ፣ ሲጠሩ ጦር ይዘው ይዘምታሉ። በምላሹ የጅማ ዙፋን፣ የዳኝነት ሥርዓትና ሹመት በእጃቸው ይቆያል፤ ነፍጠኛ በአገራቸው አይሰፍርም። የዚህ ትርጉም የሚገባው የአካባቢውን ሁኔታ ሲያዩት ነው። በጦር በተያዙት አገሮች መሬቱ ለዘማች ወታደሮች ተከፋፍሎ ገበሬው ገባር ሆነ፤ ለሰፋሪው ይፈጭለት፣ ይቆፍርለት፣ እንጨት ያቀርብለት ነበር። የጅማ ገበሬ ግን ግብሩን ለገዛ ንጉሡ ሹማምንት ይከፍል ነበር። ከነቀምቱ ኩምሳ ሞረዳ፣ ከቄለሙ ጆቴ ቱሉና ከቤኒሻንጉሉ ሼክ ሖጀሌ ጋር አባ ጅፋር በዚህ ዓይነት ስምምነት ከቆዩት ጥቂት የምዕራብ ገዢዎች አንዱ ናቸው።

በጎረቤቶች ላይ የተደረጉ ዘመቻዎች

የስምምነቱ ሌላ ገጽታ ጦር ማዋጣት ነበር። የአባ ጅፋር ሰዎች በ1889 በኩሎ (ዳውሮ)፣ በ1894 በወላይታ፣ በ1897 በከፋ ላይ በተደረጉት የምኒልክ ዘመቻዎች ተካፍለዋል። በወላይታ ዘመቻ ንጉሡ ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ፤ በርካታ ሕዝብ አለቀ፣ ብዙ ሰውና ከብት ተነዳ። በከፋ ደግሞ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ወራት በፈጀ ፍለጋ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተይዘው በግዞት ቆዩ፤ በ1919ም በዚያው በግዞት ሞቱ።

ለጅማ ከፋ የቆየ ባላንጣ ነበረች፤ የከፋ ወሰን የሆነው ጎጀብም ከማኮሬ ትረካ ጀምሮ የጠላት ወሰን ተብሎ የሚታወስ ወንዝ ነው። የአባ ጅፋር ወደ ዘመቻው መግባት ስለዚህ ግብር መክፈል ብቻ ሳይሆን የድሮውን ፉክክር በአዲስ ኃይል መቀጠልም ነበር። ሆኖም ውጤቱ ከሦስት ወገን የነበሩት ጎረቤቶች መጥፋታቸው ነው። ከ1897 በኋላ ጅማ ዙሪያዋን በማዕከላዊው መንግሥት ግዛት የተከበበች ብቸኛ ራስ ገዝ አገር ሆና ቀረች።

አስተዳደር

የጅማ መንግሥት ከጎረቤቶቹ የሚለየው በአደረጃጀቱ ነው። አገሩ ቆሮ በሚባሉ ስልሳ ያህል አውራጃዎች ይከፈል ነበር። በእያንዳንዱ ላይ አባ ቆሮ ይሾማል፤ ከአባ ቆሮው ሥር ደግሞ የቀበሌው ኃላፊ አባ ገንዳ አለ። ቆሮዎቹ በአብዛኛው የቀድሞዎቹን ጎሳዎች ግዛት የተከተሉ ናቸው። ሹመቱ ግን በመሠረቱ በንጉሡ ፈቃድ እንጂ በዘር የሚወረስ አልነበረም። አባ ጅፋር ነጋዴዎችን፣ ባለሀብቶችን፣ ከሌላ አገር የመጡ ሰዎችን፣ እንዲያውም ከባርነት የተነሡ ታማኞችን ይሾሙ ነበር። በራሱ ጎሳ የሚመካ ባላባት እንዳይነሣባቸው ይህ ዘዴ ረድቷቸዋል።

የአገሩ ወሰን በጉድጓድ ምሽግ ይጠበቅ ነበር። ከምሽጉ ውጭ ሰው የማይሰፍርበት ባዶ መሬት ይተዋል፤ መግቢያው በኬላ ብቻ ነው። በኬላው ላይ አባ ኬላ የተባለው ሹም የሚገባውንና የሚወጣውን ይቆጣጠራል፣ ቀረጥ ይቀበላል። በዚህም ምክንያት ነጋዴ ወደ ጅማ ከገባ በኋላ ሽፍታ ሳይፈራ መጓዝ ይችል ነበር። በ1888 ጅማን የጎበኘው ፈረንሳዊው ዡል ቦሬሊና በ1927–1928 የምዕራብ ኢትዮጵያን የዞረው ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ ስለዚህ መንግሥት ከጻፉት የውጭ ሰዎች መካከል ናቸው።

ሄርማታ፣ ቡናና የባሪያ ንግድ

የአባ ጅፋር ሀብት ምንጭ ከጅሬን ኮረብታ በታች የሚገኘው የሄርማታ ገበያ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ የሚቆመው ይህ ገበያ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከሁሉ የሚበልጥ ነበር። ከከፋ፣ ከዳውሮ፣ ከወላይታ፣ ከሊሙና ከጎማ የሚመጣው ዕቃ እዚህ ይገናኛል። ከሰሜን አሞሌ ጨውና ጨርቅ፣ ከደቡብ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ኮረሪማና ቡና ይመጣል። መገበያያው አሞሌና ማርያ ቴሬዛ ብር ነበር። ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከሸዋ የመጡ ጀበርቲ ነጋዴዎች መንደራ በሚባል ሰፈር ይኖሩ ነበር። አፍቃላ የሚባሉት የአገሩ ሙስሊም ነጋዴዎችም ከእነርሱ ጋር ይሠሩ ነበር። ጅሬን፣ ሄርማታና መንደራ የሚሉት ስሞች ዛሬም በጅማ ከተማ ቀበሌዎች ስም ውስጥ ይገኛሉ።

ከዕቃው ሁሉ ይልቅ ትርፍ ያስገኝ የነበረው ግን ሰው ነበር። ሄርማታ በዘመኑ ከኢትዮጵያ ታላላቅ የባሪያ ገበያዎች አንዱ ነበረች። በደቡብ ዘመቻዎችና በወረራ የተያዙ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በጅማ በኩል ወደ ሰሜንና ወደ ቀይ ባሕር ጠረፍ ይነዱ ነበር። ንጉሡ ከገበያው ቀረጥ ይቀበሉ ነበር፤ በቤተ መንግሥታቸውና በእርሻቸውም ብዙ ባሪያዎች ይሠሩ ነበር። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ በ1924ም አዋጅ ወጣ። ንግዱ ግን በደቡብ ምዕራብ ወዲያው አልቆመም። የአባ ጅፋርን ዘመን የሰላምና የብልጽግና ዘመን አድርጎ የሚያወሳ ታሪክ ይህንን ጭምር ማንሣት ይኖርበታል።

ቀስ በቀስ የባሪያውን ንግድ ቦታ የያዘው ቡና ነው። ቡና በዚህ አገር በጫካ የሚበቅል የተፈጥሮ ሀብት ሲሆን፣ በ19ኛው መቶ ዘመን በእናርያ፣ በጎማና በጅማ ሆን ተብሎ እየተተከለ በቅፍለት ወደ ጎጃሙ የባሶ ገበያና ወደ ምጽዋ ይላክ ነበር። ከአዲስ አበባ መቆርቆር በኋላ መንገዱ ወደ ምሥራቅ ዞረ። የጅቡቲው ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ የጅማ ቡና ወደ ባሕር የሚወርድበት አጭር መንገድ ተገኘ። የቀድሞው የጎማ መንግሥት መናገሻ አጋሮ፣ የሊሙ ከተሞች፣ የጌራዋ ጪራ፣ መናና ሰቃ እስከ ዛሬ በቡና የሚተዳደሩ ከተሞችና ወረዳዎች ናቸው። ጅማና ሊሙ የሚሉት ስሞችም በዓለም የቡና ገበያ የዓይነት መጠሪያ ሆነዋል።

ሃይማኖትና ትምህርት

እስልምና ወደ ጅማ ቤተ መንግሥት የገባው በቀዳማዊ አባ ጅፋር ዘመን፣ በነጋዴዎች አማካይነት ነው። አብዱል ሐኪም የተባሉት የሃይማኖት ሰው ንጉሡን እንዳሰለሙ ይነገራል፤ መቃብራቸውም በጅሬን የሚዘየር ቦታ ሆኗል። ዳግማዊ አባ ጅፋር የተረከቡትን ሃይማኖት በትምህርት አጠነከሩት። በነገሡበት በ1878 በወሎ ቦሩ ሜዳ በተደረገው ጉባኤ ዓፄ ዮሐንስ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። ከዚያ ግፊት የሸሹ የወሎ ሊቃውንት ከተጠጉባቸው አገሮች አንዷ ጅማ ነበረች። በዚህ ምክንያት የጅማ መስጊዶችና የቁርዓን ቤቶች ከሩቅ አገር ደረሳ የሚመጣባቸው የትምህርት ማዕከሎች ሆኑ። ንጉሡ በመካ ለጅማ ሐጃጆች ማረፊያ የሚሆን ቤት እንዳስገዙም ይታወቃል።

ከክርስቲያኑ መንግሥት ጋር የነበራቸው ግንኙነት በሃይማኖት ልዩነት አልተበላሸም። ግብራቸው በጊዜው ይደርስ ስለነበር ምኒልክ በጅማ የውስጥ ጉዳይ ብዙም አልገቡም።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

የ1884ቱ ስምምነት የቆመው በሁለት ሰዎች መተማመን ላይ ነበርና ምኒልክ በ1913 ሲሞቱ መሠረቱ መላላት ጀመረ። ራስ ተፈሪ በአልጋ ወራሽነት፣ ከ1930 ጀምሮም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው በንጉሠ ነገሥትነት አገሩን በአንድ ማዕከል ለማስተዳደር ሲነሡ፣ የራሷ ንጉሥና የራሷ ኬላ ያላት፣ የቡናዋ ገቢ እያደገ የሄደ ጅማ በቸልታ የምትታለፍ አልነበረችም። አባ ጅፋር ደግሞ በዚህ ጊዜ አርጅተውና ታመው ነበር። ሥራውን በእርሳቸው ፈንታ የያዙት የልጅ ልጃቸው አባ ጆቢር አባ ዱላ ናቸው። ወጣቱ አባ ጆቢር የጅማን መብት አጠንክረው ለመያዝ በመሞከራቸው ከአዲስ አበባ ጋር ተጋጩ። በ1932 ተይዘው ታሰሩ፤ ጅማም በማዕከላዊው መንግሥት ሹማምንት ሥር ገባች። አባ ጅፋር በዚያው ዓመት፣ ሰባ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው አረፉ። መቃብራቸው በጅሬን ነው።

ከእርሳቸው በኋላ

የጅማ ንግሥና ከእርሳቸው በኋላ አልተመለሰም። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ አባ ጆቢርን ከእስር ፈትታ የጅማ ሱልጣን ብላ ሾመቻቸው። ከተማዪቱንም የደቡብ ምዕራቡ ግዛቷ ዋና ከተማ አድርጋ አዳዲስ ሕንጻዎችን በቀድሞው የሄርማታ ሜዳ ላይ ሠራች። በ1941 ጣሊያን ከተሸነፈች በኋላ አባ ጆቢር እንደገና ታሰሩ። ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆነች። ዘመናት ሙሉ በጎጀብ ግራና ቀኝ የተፋጠጡት ሁለቱ አገሮች በዚህ መንገድ በአንድ ስም ሥር ተጠቃለሉ፤ ስሙ የከፋ፣ መቀመጫው የጅማ ሆነ። ዛሬ ጅማ በኦሮሚያ ክልል የጅማ ዞን ማዕከል ናት።

ግምገማና መታሰቢያ

በጅማ አባ ጅፋር የሚወሱት አገራቸውን ከጦርነትና ከነፍጠኛ ሰፈራ ያዳኑ ብልህ ንጉሥ ተብለው ነው። አንድ ትውልድ ሙሉ መሬቱን ሳይነጠቅ፣ ቋንቋውንና ሃይማኖቱን እንደያዘ መኖሩ የዚህ አስተያየት ማስረጃ ነው። በወላይታ፣ በዳውሮና በከፋ ያለው ትዝታ ግን ከዚህ ይለያል፤ እዚያ የጅማ ጦር ከወራሪው ጎን የተሰለፈ፣ ሄርማታም የተማረኩ ዘመዶች የተሸጡባት ገበያ ናት። ሁለቱም ትዝታዎች ከአንድ ውሳኔ የመነጩ ናቸው። በ1884 የተከፈለው ግብር ለጅማ ሕዝብ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገዛለት፤ ከዋጋው ከፊሉ ግን የተከፈለው በጎረቤት ሕዝብ ነበር።

ከከተማው መሐል ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በጅሬን ኮረብታ ላይ የሚገኘው የእንጨት ቤተ መንግሥታቸው በቅርስነት ይጎበኛል። በግቢው ውስጥ የንጉሡ መኖሪያ፣ የችሎት አዳራሽና መስጊድ አሉ። የተጠቀሙባቸው ዕቃዎች በጅማ ሙዚየም ተቀምጠዋል። በርጩማውና ወንበሩ የጅማን የእንጨት ጥበብ ያሳያሉ። በስማቸው የተሰየመው ጅማ አባ ጅፋር የእግር ኳስ ክለብ በ2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግን ዋንጫ አንሥቷል።